ሞልዱ ላይ የቀረው መስመር ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን፣ የጎበጠ ገጽ ያለው ሞልድ (የፕላስቲክ መቅረጫ ብረት) የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህችን ጠዋት ያውቃታል። ፊኒሺንጉ (የመጨረሻው ማለስለሻ ቆረጣ) ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አድሮ፣ ሥራው ሲጠረግ ገጹ ላይ መስመር አለ። ያኔ ብዙዎቻችን ካሙን (የቆረጣውን መንገድ የሚያወጣውን ሶፍትዌር) ከፍተን ቁጥር መቀያየር እንጀምራለን። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ መጀመሪያ መስመሩን እዩት። የት ጀመረ? በየስንት ሚሊሜትሩ ይደጋገማል? የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በዚሁ መንገድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፕላስቲክ ሳፋ ሞልድ እየሠራሁ ነው። ታቹ ያምራል፣ ግድግዳው ግን እንደ ሚዶ ጥርስ ነው። ቱሉ (መቁረጫው) 10 ሚሊሜትር ቦል ኖዝ፣ ማለትም ጫፉ ክብ የሆነ ነው፤ ስቴፕ ኦቨሩ (በሁለት የቆረጣ መስመሮች መሃል ያለው ርቀት) ሁሉም ቦታ 0.4 ሚሊሜትር ነው።

መልስ፦ «ሁሉም ቦታ» ያልካት ናት ጉዱ። ፓራለል ቱልፓዝ (ጎን ለጎን በተደረደሩ መስመሮች የሚሄድ ቆረጣ) 0.4ን የሚቆጥረው ከላይ ወደ ታች ሲታይ ነው። ግድግዳው 60 ዲግሪ ከቆመ፣ ገጹ ላይ ያለው ርቀት እጥፍ ሆኖ 0.8 ይሆናል። በሁለት መስመሮች መሃል የሚቀረው ጉብታ ደግሞ ከዚህም በላይ ያድጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ርቀቱን በራሱ አባዛው፣ ከዚያ የቱሉን ሬዲየስ 8 ጊዜ አባዝተህ በእሱ አካፍለው። ታቹ ላይ 0.16 ለ40 ይካፈላል፣ 4 ማይክሮን ነው። ግድግዳው ላይ 0.64 ለ40፣ 16 ማይክሮን። አራት እጥፍ! በጥፍርህ ስትፍቀው የሚያንቋቋው ለዚህ ነው።

ሳፋው ክብ ከሆነ አንድ ነገር አረጋግጥልኝ። ሁለት ጎኑ አምሮ፣ ሁለት ጎኑ ብቻ ነው የተበላሸው? ቱሉ ሽቅብ ቁልቁል የሚወጣባቸው ጎኖች ንጹህ ይሆናሉ። የሚበላሹት መስመሮቹ በጎን እየተደረደሩ የሚወጡባቸው ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ጥርጥር የለውም።

መፍትሔው ስቴፕ ኦቨሩን ሁሉም ቦታ ማጥበብ አይደለም፣ እሱ ሰዓት መጨረስ ነው። ገጹን 45 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ክፈለው። ቀጥ ያለውን በዜድ ሌቭል (ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ በሚወርድ ቆረጣ)፣ ጋደም ያለውን በፓራለል ሂድበት። መገናኛው ላይ ሁለቱ ትንሽ ይደራረቡ፣ አለዚያ እዚያ ጋ ሌላ መስመር ታተርፋለህ።

ጥያቄ፦ ገጹ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ነገር ይታየኛል። የካሙን ቶለራንስ (ከትክክለኛው ቅርጽ እንዲርቅ የሚፈቀድለትን መጠን) ባጠብቀውም አልጠፋም።

መልስ፦ እህቴ፣ አንዱን ጠፍጣፋ በካሊፐር ለኪው። ደንበኛው የላከልሽ ፋይል ኤስቲኤል ነው? ኤስቲኤል ጉብታን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ነው የሚሠራው። 100 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለው ጉብታ በ0.05 ቶለራንስ ከወጣ፣ እያንዳንዱ ጠፍጣፋ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ማሽንሽ ያንኑ ነው በታማኝነት የቆረጠው። ካሙ ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ጉብታ ከየትም አያመጣም። ስቴፕ (STEP) ፋይል፣ ጉብታውን እንደ ጉብታ የሚይዘውን፣ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። እሱ ከሌለ ቢያንስ ኤስቲኤሉን በ0.005 እንደገና ያውጡት። ጠፍጣፋው ወደ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ፖሊሹም ይቀልልሻል።

ጥያቄ፦ ፊድ (የቱሉን የጉዞ ፍጥነት) በደቂቃ 3000 ሚሊሜትር ሰጥቼው ማሽኑ እየተንተባተበ 240 አካባቢ ይሄዳል። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተር በገመድ እየመገብኩት ነው።

መልስ፦ የገመዱ ፍጥነት 9600 ባውድ ላይ ነው አይደል? በሰከንድ 960 ፊደል ገደማ ነው የሚያሳልፈው። አንድ የፕሮግራም መስመር 24 ፊደል ቢሆን፣ በሰከንድ 40 መስመር። እያንዳንዱ መስመር ቱሉን 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ካስኬደው፣ በሰከንድ 4 ሚሊሜትር፣ በደቂቃ 240። ያየኸው ቁጥር እሱው ነው! ማሽኑ አልታመመም፣ ተርቦ ነው። ፕሮግራሙን ወደ ማሽኑ ሜሞሪ ወይም ካርድ አስገባው። ካሙ ትንንሾቹን መስመሮች ወደ አርክ (ቅስት) እንዲቀይር አድርገው። ማሽኑ ሉክ አሄድ (የሚመጡትን መስመሮች አስቀድሞ የሚያነብበት) ካለው ደግሞ ክፈተው፦ መቆጣጠሪያው ፋኑክ ከሆነ ጂ 05.1 ኪው 1፣ ሲመንስ ከሆነ ሳይክል 832።

ጥያቄ፦ የጉብታው አናት ላይ ብቻ ይቦጫጨራል።

መልስ፦ የቦል ኖዝ ጫፍ አይቆርጥም። መሃሉ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፣ ብረቱን እያሸ ነው የሚያልፈው። 10 ሚሊሜትር የሆነ ቱል 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ሲገባ የሚቆርጠው ዲያሜትር 2.8 ሚሊሜትር ነው። በደቂቃ 8000 ዙር እየዞረ አንተ የመቁረጥ ፍጥነቱ በደቂቃ 250 ሜትር ነው ስትል፣ እሱ 70 ሜትር ነው የሚሠራው። ዙሩን ከፍ አድርግ። የሚቻል ከሆነ ሥራውን ወይም ስፒንድሉን (ቱሉን የሚያሽከረክረውን ዘንግ) ጥቂት ዲግሪ አጋድለው፣ በጎኑ ይቁረጥ።

ጥያቄ፦ 5 ሬዲየስ ያለው ውስጥ ማዕዘን ላይ ቱሉ ይጮኻል። ቱሉም 5 ሬዲየስ ነው።

መልስ፦ 4 ሬዲየስ ያዝ። እኩል ሲሆኑ ቱሉ በአንዴ በሙሉ ጎኑ ይጣበቃል። ከሆልደሩም (ከመያዣው) ብዙ አታውጣው፣ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መታጠፉ 8 እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ ፊኒሺንግ መሃል መብራት ሄደ። ካቆመበት ባስቀጥለው ምን አለ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ እኔ አድርጌው አይቻለሁ። መብራት እንደመጣ ካቆመበት መስመር አስነሳሁት። ሲያልቅ መገናኛው ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስታገለው ቆየሁ፣ ጨርሶም አልለቀቀም። ስፒንድል ሲሞቅ ይረዝማል። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ደረጃው የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ቱሉን ከሥራው አርቄ ማሽኑን ሆም (ወደ መነሻ ቦታው) እሰደዋለሁ። ስፒንድሉን 20 ደቂቃ ያህል ባዶውን አሽከረክረዋለሁ። የቱሉን ርዝመት እንደገና እለካለሁ። የምጀምረውም ከክፋዩ መጀመሪያ ነው። ፊኒሺንጉን ድሮውኑ ከፋፍዬ ነው የማወጣው፣ ድንበሩ ጠርዝ ወይም የክፍፍል መስመር (ሞልዱ የሚከፈትበት) ላይ እንዲያርፍ። አንድ ክፋይ ቢደገም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ገጹ ከተበላሸ ግን ብረቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዶሙ (ክብ ጉብታው) ላይ፣ የማሽኑ ዋይ አክሲስ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ቀጭን መስመር አለ። ካም ብቀይርም አለ።

መልስ፦ ባክላሽ (አቅጣጫ ሲቀየር የሚታይ የመንጃው ልልነት) ይመስለኛል። ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ጠረጴዛው ላይ አሳርፍና ዋይን በ0.01 ሚሊሜትር እያልክ ወደ አንድ ጎን ውሰደው፣ ከዚያ መልሰው። ስትመልሰው መርፌው ሳይነቃነቅ ቁልፉን ስንት ጊዜ ተጫንክ? ቁጥሩን ጽፈህ ላክልኝ፣ እስከዚያ ካሙን አትንካው።