ዓመተ ምሕረቱ የተደረበ ፔኒ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ግሮሰሪ ካሸር ነኝ። ፔኒ፣ ማለትም የአሜሪካው ባለ አንድ ሳንቲም፣ መታተሙ ቆመ ከተባለ ወዲህ ደንበኞች የሚሰጡኝን ሳንቲም ማገላበጥ ለምዶብኛል። በቀደም አንድ የ1999 ፔኒ አገኘሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ጊዜ የታተመ ይመስላል። ከሥሩ የታተመበትን ከተማ የሚያሳይ ፊደል የለውም። የሥራ ባልደረባዬ «በቃ ሀብታም ሆነሻል» ትለኛለች። እውነት ይሆን? ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ያለው ድርብነት ዋጋ የለውም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ሳንቲም የሚታተመው ዳይ በሚባል ጠንካራ ብረት ነው። ዳዩ ራሱ መልኩን የሚያገኘው፣ ምስሉ ጎልቶ የወጣበት ሌላ ብረት በኃይል ሲጫነው ነው። ድሮ አንድ ጊዜ መጫን አይበቃም ነበር፤ ይደገማል። በሁለተኛው ላይ ትንሽ ዞር ካለ ጽሑፉ ዳዩ ላይ ሁለት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከዚያ ዳይ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ድርብ ነው። ታዋቂው የ1955 የፊላደልፊያ ፔኒ እንዲህ ነው የመጣው። ከ20 ሺህ በላይ የሚሆነው ሰው እጅ ገብቷል። ብዙው የተገኘው በሲጋራ መሸጫ ማሽን በኩል ነው። ሲጋራው 23 ሳንቲም፣ ማሽኑ የሚቀበለው ኳርተር፣ ማለትም ባለ 25 ሳንቲም። ስለዚህ መልሱ፣ ሁለት ፔኒ፣ ከፓኮው ጋር ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

ያንቺው ግን ዳዩ ላይ የነበረ አይደለም። ማሽኑ ሲመታ ዳዩ ላላ ብሎ ስለነበር የቁጥሩን ጠርዝ ገፍቶ ደፍጥጦታል። ጎኑ ላይ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እርከን ይታያል፤ ቁጥሩም ቀጥኗል። እውነተኛው ድርብ ከቁጥሩ እኩል ያበጠ ነው፤ ጫፉም ለሁለት ይሰነጠቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ካለሽ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል።

አሁን ግን ሳንቲሙን ገልብጪው! የላክሽልኝ የፊቱን ብቻ ነው። የ1999 ፔኒ ቁም ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። «አሜሪካ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋን «ኤ» እና «ኤም»ን ተመልከቺ። በተለመደው ፔኒ ላይ ግርጌያቸው ሊነካካ ምንም አይቀረው። በመካከላቸው ግልጽ ክፍተት ካለ ግን፣ ለሰብሳቢዎች ለሚሠራው ልዩ ሳንቲም የታሰበ ንድፍ ተራው ፔኒ ላይ በስህተት ገብቷል ማለት ነው። ይህ በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ተከስቷል። ከሦስቱ ብርቁ የ1999ኙ ነው። ለማረጋገጥ ጀርባው ላይ ካለው ሕንጻ፣ ከሊንከን መታሰቢያ፣ በስተቀኝ ግርጌ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ፊደላት እዪ። የቀራጩ የፍራንክ ጋስፓሮ ስም መነሻዎች ናቸው። ክፍተት ባለው ፔኒ ላይ ወደ ሕንጻው ይጠጋሉ።

አደራሽን፣ እንዳታጥቢው። በሳሙናም፣ በሎሚም። የተወለወለ ሳንቲም ሰብሳቢ ፊት ዋጋው ወዲያው ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። ሁለት ባለ 10 ሳንቲም አሉኝ። አንዱን ማግኔት ይስበዋል፣ ሌላውን አይስበውም። አንዱ ሐሰተኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። በግእዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመት አንብብ። ፲፱፻፷፱ (1969) የሚለው ናስ ነው፤ ማግኔት አይስበውም። ፲፱፻፺፮ (1996) የሚለው ውስጡ ብረት ነው፤ ናስ የተለበጠው ላዩ ብቻ ነው። በሁለቱም ጀርባ ያለው የደጋ አጋዘን ስለሆነ ሰው አይለያቸውም። የ1969ኞቹን ስታገኝ ደግሞ ዝም ብለህ አትደባልቃቸው። የአንበሳው ራስ ተለቅ ያለባቸውና አነስ ያለባቸው አሉ፤ ጎን ለጎን አድርገህ ጎፈሩንና የአገጩን ጢም አስተያይ።