የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አልዳብራ ላይ የተከመረው ፕላስቲክ የማን ነው?

ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶችና ስለ ባሕር እንስሳት የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን በዚህ እትም መልስ ሰጥተንባቸዋል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ሲሼልስን ያነሡ በመሆናቸው እኛም ከዚያው አልራቅንም። ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲሼልስ ፌስታልን፣ የአንድ ጊዜ ሳህንና ማንኪያን፣ ስትሮን ሳይቀር የከለከለች አገር መሆኗን አንብቤአለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ አልዳብራ የምትባለው፣ ነዋሪ የሌላት ደሴቷ በፕላስቲክ ተሞልታለች የሚል ዘገባ አየሁ። ሕጉ አልሠራም ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሕጉ በታሰበለት ቦታ ሠርቷል። ሲሼልስ በ2017 ፌስታልን፣ የፎም ምግብ መያዣን፣ የፕላስቲክ ኩባያን፣ ሳህንን፣ ማንኪያንና ሹካን፣ በ2019 ደግሞ የፕላስቲክ ስትሮን በመከልከሏ የራሷ ነዋሪዎችና እንግዶቿ የሚጥሉትን ቀንሳበታለች። አልዳብራ ላይ የተከማቸው ግን በአመዛኙ በሲሼልስ ሱቆች ያልተሸጠ፣ ባሕር ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣው ቆሻሻ ነው። አንድ አገር በወደብና በአየር ማረፊያ የሚገባበትን ዕቃ ፈትሾ መመለስ ይችላል፤ ከማዕበል ጋር የሚገባውን የሚያስቆም ኬላ ግን የለውም።

አልዳብራ ከ115ቱ የሲሼልስ ደሴቶች መካከል የምትቆጠር ስትሆን፣ አብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ ከሚኖርባት ከማሄ ደሴት በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከባሕሩ ከፍ ብሎ በወጣ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በገነቡት ዐለት) የተሠራች፣ መካከሏ ላይ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ የያዘች፣ በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስፍራ ናት። ከ100,000 በላይ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች የሚኖሩባት ሲሆን፣ በዓለም ላይ ይህን ያህል ግዙፍ ኤሊ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ የለም። ከምርምር ጣቢያው ጥቂት ሠራተኞች በቀር ሰው አይኖርባትም፤ ሱቅም ሆቴልም የላትም።

በ2019 ደሴቲቱን የሚያስተዳድረው የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽን ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክዊንስ ኮሌጅ ጋር ተባብሮ የጽዳት ዘመቻ አካሄደ። 12 በጎ ፈቃደኞች ለ5 ሳምንታት ሠርተው 25 ቶን ያህል ቆሻሻ አነሡ። ይህ ቁጥር ምን ያህል ድካም እንደሆነ ለመረዳት የመሬቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአልዳብራ ዳርቻ ብዙው ክፍል በውሃና በጨው ተበልቶ የተቦረቦረ፣ ጠርዙ የጫማ ሶል የሚቆርጥ ዐለት ነው። መኪና የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ ከአሸዋ ሥር የተቀበረውን ወፍራም የመርከብ ገመድ ቆፍሮ ማውጣት፣ በቢላ መቆራረጥ፣ በጆንያ ከትቶ በትከሻ ተሸክሞ ጀልባ ሊጠጋ ወደሚችልበት ቦታ ማድረስና ከዚያ ወደ ትልቅ መርከብ ጭኖ እስከ ማሄ መውሰድ ግድ ይላል።

ከዘመቻው በኋላ በ2020 የታተመው ጥናት በደሴቲቱ ላይ ገና ሳይነሣ የቀረውን ቆሻሻ 513 ቶን ገምቶታል። ከዚህ ውስጥ 83 በመቶው በክብደት ከዓሣ ማጥመድ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ገመድ፣ መረብና ተንሳፋፊ ኳስ ማለት ነው። በሌላ በኩል ወደ 360,000 የሚጠጉ ነጠላ ጫማዎች በዚያ እንዳሉ ተገምቷል። ዘገባዎች ጫማዎቹን ደጋግመው ማንሣታቸው አይገርምም፣ ፎቶግራፍ ላይ ይታያሉና፤ ነገር ግን ጉዳዩን በጫማ ብቻ የሚያይ አንባቢ የችግሩን ትልቁን ክፍል ሳያየው ያልፋል ብለን እንሰጋለን። ትልቁ ክፍል መረቡ ነው።

መረቡ ከየት ይመጣል? በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል በርካታ የአውሮፓ ባለቤትነት ያላቸው ግዙፍ የቱና አጥማጅ መርከቦች ይሠራሉ። እነዚህ መርከቦች ከሥሩ መረብ ወይም ገመድ የተንጠለጠለበት ተንሳፋፊ መደብ በውቅያኖሱ ላይ ይለቃሉ። ዓሦች በተፈጥሯቸው በሚንሳፈፍ ነገር ጥላ ሥር ስለሚሰበሰቡ፣ መርከቡ በመደቡ ላይ የታሰረውን የሳተላይት መሣሪያ ምልክት ተከትሎ መጥቶ የተሰበሰበውን ይከባል። መደቡ ግን ሁልጊዜ አይሰበሰብም። ከማጥመጃው አካባቢ ርቆ ሲወጣ ምልክቱ ይዘጋና ማዕበሉ ወደወሰደው ይሄዳል፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ኮራል ላይ መጠምጠም ወይም እንደ አልዳብራ ባለች ደሴት ዳርቻ ላይ መውደቅ ነው።

ከየብስ የሚነሣው ቆሻሻስ? በ2023 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የመሩት ሌላ ጥናት የውቅያኖሱን ሞገድና ነፋስ በኮምፒውተር ተከትሎ፣ ወደ ሲሼልስ የሚደርሰው የየብስ ቆሻሻ በዋናነት ከኢንዶኔዥያ፣ እንዲሁም ከሕንድና ከስሪላንካ የሚነሣ መሆኑን አሳይቷል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው የውቅያኖስ ሞገድ ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ነው። በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት በአንድ ወንዝ ዳር የተጣለ ጫማ ለወራት ተንሳፍፎ ኤሊ እንቁላል በሚጥልበት አሸዋ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ የባሕር ኤሊ ፌስታልን ጄሊፊሽ ከሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ መለየት አቅቷት ትበላለች ሲባል እሰማለሁ። ያን ያህል ዐይኗ ደካማ ነው? ደግሞስ ኤሊዎቹን የሚጨርሳቸው ፕላስቲኩ ብቻ ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ጉዳዩ የዐይን ብቻ አይደለም። ፕላስቲክ ባሕር ላይ ሲቆይ አልጌና ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይለብሱታል፤ እነዚህም ሽታ ይሰጡታል። በ2020 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ የባሕር ኤሊዎች በባሕር ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ ሲሸታቸው የምግብ ሽታ ሲደርሳቸው እንደሚያደርጉት አፍንጫቸውን ከውሃው አውጥተው ሲያሸቱ ታይተዋል፤ ንጹሕ ፕላስቲክ ግን ይህን አላስከተለም። ስለዚህ ኤሊዋ ሞኝ ሆና አይደለም የምትበላው፤ ምግብ ፍለጋ የምትመራበት ስሜቷ ራሱ ስለሚያሳስታት ነው። የዋጠችው ፕላስቲክ ሆዷን ሞልቶ የመብላት ፍላጎቷን ይዘጋል፣ አንጀቷንም ሊዘጋው ይችላል። መረብ ያሰራት ኤሊ ደግሞ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስለማትችል ትሰጥማለች። ዳርቻው ላይ የተከመረ ገመድና ፕላስቲክ እንቁላል ለመጣል የወጣችውን እናት መንገድ ሲዘጋ፣ ከአሸዋው የወጡት ጫጩቶችም ውሃው ጋ ሳይደርሱ ይያዙበታል።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ግን አይደለም ነው፤ ይህንንም በግልጽ መናገር ተገቢ ይመስለናል። በሲሼልስ ኤሊዎችን ለመጥፋት ያደረሳቸው የሰው አደን ነው። አፏ እንደ ጭልፊት ምንቃር የሾለው የባሕር ኤሊ ዝርያ ቅርፊት ለማበጠሪያ፣ ለመነጽር ክፈፍና ለጌጣጌጥ በውድ ይሸጥ ነበር። ይህች ኤሊ በሌሎች የዓለም ክፍሎች እንቁላሏን የምትጥለው ሌሊት ሲሆን፣ በሲሼልስ ግን በጠራራ ቀን ወጥታ ትጥላለች፤ እናም አዳኙ መብራት እንኳ ሳያስፈልገው አሸዋው ላይ ያገኛት ነበር። በ1994 የአገሪቱ መንግሥት ሙሉ ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ሕጉ ብቻውን ተወርውሮ አልተተወም፤ ቅርፊት ሠሪዎቹ እጃቸው ላይ የነበረው ክምችት ተገዝቶ ካሳ ተከፍሏቸዋል፣ የተገዛውም ጥሬ ቅርፊት በ1998 በአደባባይ ተቃጥሏል። የሰዎቹን እንጀራ ሳይነካ የወጣ ሕግ አልነበረም፤ ነገር ግን የተነካውን እንጀራ አስቦበታል። በ1968 ለወፎች መጠለያነት በተገዛችውና ቀድሞ የኮኮናት እርሻ በነበረችው ትንሿ ኩዛን ደሴት ላይ ዛሬ በየዓመቱ የሚወጡት ኤሊዎች ጥበቃው ሲጀመር ከነበሩት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በአልዳብራም ከ1968 ወዲህ አደን የቀረላት አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ በተመሳሳይ ሁኔታ አገግማለች። ደሴቶቹ በገዛ እጃቸው የሚያስቆሙትን ጉዳት አስቁመዋል፤ የቀረባቸው ከሌሎች እጅ የሚመጣው ነው።

ጥያቄ፦ ማዕበሉ በየዓመቱ አዲስ ቆሻሻ የሚያመጣ ከሆነ ማጽዳቱ ገንዘብ ማባከን አይሆንም? ወጪውንስ የሚሸፍነው ማን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ማጽዳት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ማባከን ነው ማለት ግን ልክ አይደለም። አልዳብራ ላይ የሚወጣ አንድ ቶን መረብ ከኤሊ መንገድ ላይ የተነሣ አንድ ቶን ነው፤ ዝም ቢባል ደግሞ በፀሐይና በማዕበል ተሰባብሮ ማንም ሊለቅመው ወደማይችል ብናኝ ይለወጣል። ከላይ የጠቀስነው የ2020 ጥናት የቀረውን ለማንሣት 4.68 ሚሊዮን ዶላርና 18,000 የሰው የሥራ ሰዓት እንደሚያስፈልግ አስልቷል። መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ላላት አገር፣ ራሷ ላልጣለችው ቆሻሻ ይህን ክፈይ ማለት ፍትሕ የጎደለው ነው።

ሲሼልስ ገንዘብ ፍለጋ ሌሎች መንገዶችንም ሞክራለች። በ2016 ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የውጭ ዕዳዋን በተፈጥሮ ጥበቃ ግዴታ የሚለውጥ ስምምነት አድርጋ፣ በ2020 ከባሕር ክልሏ 30 በመቶውን የተጠበቀ ቦታ አድርጋ አውጃለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም የተጠበቀ ባሕር ካርታ ላይ ድንበር ቢኖረውም ተንሳፋፊ መረብ ድንበሩን አያውቅም።

ፕላስቲክን ከመርከብ ወደ ባሕር መጣል ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ስለ ፕላስቲክ በአጠቃላይ አሳሪ ውል ለማዘጋጀት ናይሮቢ ላይ በ2022 የተወሰነ ቢሆንም፣ በ2025 ጄኔቭ ላይ የተደረገው ድርድር ያለ ስምምነት ተበትኗል። በእኛ ግምት ለትናንሽ ደሴቶች ፈጥኖ ሊደርስ የሚችለው መፍትሔ ቱና አጥማጆቹን የሚመለከተው ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቶቹ ይታወቃሉ፣ መደቦቹም መለያ አላቸው። መቀመጫውን በሲሼልስ ዋና ከተማ በቪክቶሪያ ያደረገው የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን በ2019 አንድ መርከብ በአንድ ጊዜ ከ300 በላይ መደቦች እንዳይኖሩት ወስኗል፤ በ2024 ደግሞ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስና መደቦቹ በተፈጥሮ ከሚበሰብስ ነገር ወደ መሠራት እንዲሄዱ ተስማምቷል። መደቡን የለቀቀው መርከብ ለማንሣቱም እንዲከፍል ማድረግ ቀጣዩ እርምጃ መሆን አለበት እንላለን።

ጥያቄ፦ ጣሊያን አገር ነው የምኖረው፣ ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት ቤታችን የታሸገ ቱና አይታጣም። ይህ ጉዳይ እኔን ይመለከተኛል? (ከሚላኖ)

መልስ፦ ይመለከትዎታል። ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ያለው ፋብሪካ የሚያሽገው ቱና ዋነኛ ገበያ አውሮፓ ነው፤ ጣሊያንም ከገዢዎቹ አንዷ ናት። ጣሳው ላይ ዓሣው የተያዘበት ዘዴ ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ የተያዘ ቱና፣ ለምሳሌ የማልዲቭስ ዓሣ አጥማጆች በልማድ የሚይዙት፣ እነዚያን ተንሳፋፊ መደቦች አይጠቀምም። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ ባሕር የለንም። የእኛ ፌስታል ውቅያኖስ ይደርሳል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብዙው አይደርስም። የአዲስ አበባ ወንዞች የሚወስዱት ቆሻሻ ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አዋሽ ደግሞ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ዋቢ ሸበሌም ብዙውን ጊዜ ውቅያኖስ ሳይደርስ ይቀራል። ገናሌ ግን ከዳዋ ጋር ዶሎ አካባቢ ተገናኝቶ፣ ጁባ በሚል ስም ሶማልያን አቋርጦ ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ከተቀረው ብዙው እዚሁ ቀርቶ የእኛኑ ሐይቅና የእኛኑ ከብት ይጎዳል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ቢከለክልም በተግባር አልተፈጸመም ማለት ይቻላል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ክልከላውን አጥብቆታል። በጣና ዳር የሚኖሩት ጠያቂያችን የሲሼልስን ልምድ ከተመለከቱ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከፌስታል ክልከላው ይልቅ ቅርፊት ሠሪዎቹ ከተካሱበት መንገድ ነው፤ በፌስታል ንግድ የሚተዳደሩትን ሰዎች ያላሰበ ክልከላ ገበያ ውስጥ ጸንቶ አይቆምምና።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለጫጉላ ሽርሽር ሲሼልስ ልንሄድ ነው። ጉዳት ሳናደርስ ኤሊዎቹን ማየት የምንችለው እንዴት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ። ውሃ የምትሞሉበት የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ኩዛን ስትሄዱ የመጣችሁበት ጀልባ ዳርቻው ላይ አይቆምም፤ አይጥና ሌላ ባዕድ እንስሳ እንዳይገባ የደሴቲቱ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ ያወርዷችኋል፣ ስለዚህ ቦርሳችሁን አስቀድማችሁ አራግፉ። ኤሊዎቹ በብዛት የሚወጡት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ከውሃ የወጣች ኤሊ ካያችሁ ጉድጓዷን ቆፍራ መጣል እስክትጀምር ድረስ አትጠጓት፣ ከፊቷም አትቁሙ፤ ከደነገጠች ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለችና።