በገና፣ ክላሲካልና ጸሎት፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ለጸሎት ስለሚሆን ዝግ ያለ ሙዚቃ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። በገና መደርደር ከተማርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛልና የማውቀውን ልበላችሁ።

ጥያቄ፦ ዳዊት ስደግም ክላሲካል ብከፍት ነውር አለው?

መልስ፦ የለውም ባይ ነኝ እህቴ። ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት እንደነበር 1ኛ ሳሙኤል 16፥23 ላይ አለ። ኤልሳዕም ትንቢት ከመናገሩ በፊት በገና ደርዳሪ አስጠርቷል። ግን ግጥም ያለውን አትክፈቺ። አፍሽ ዳዊት እያለ ጆሮሽ ዘማሪውን ይከተላል፣ ሳይታወቅሽ አብረሽ ማንጎራጎር ትጀምሪያለሽ። የበገና ቅጂም አብዛኛው ግጥም አለው፤ ድርደራ ብቻ የሆነውን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ በገናው ዝዝዝ ይልብኛል፣ የስልኬ ስፒከር ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሃሃ፣ ስልክህ ደህና ነው! አሥሩ አውታሮች የበግ አንጀት ናቸው። አውታሩ ብርኩማው (የአውታሮቹ መደገፊያ) ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ዝዝታው የሚመጣው አውታሩ እሷን እየነካ ሲርገበገብ ነው። እንዚራዋን ሚሊ ሜትር ገፋ ካደረግካት ድምፁ ይሞታል፤ እኔ አንዷን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት የፈጀሁበት ቀን አለ። ደግሞ በጣት ሲደረደር የሚመቱት ስድስቱ ናቸው፣ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ነው። ለማንኛውም በስልክ ስፒከር አትስማው፣ ጎርናናው ድምፅ ይጠፋብሃል። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከጾም ውጭ በገና ይሰማል?

መልስ፦ አዎ። በዐቢይ ጾም በየቦታው ስለሚከፈት ነው የጾም ብቻ የሚመስለን።

ጥያቄ፦ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ በገና ብዙም አለመድኩም። ቃል ሳነብ ምን ልስማ?

መልስ፦ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሞክር ወንድሜ። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው፣ ረጅም ዘመን ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 ያረፉ መነኩሴ ናቸው። እሳቸው ሲጫወቱ አይቸኩሉም፤ አንድ ሐረግ ይሉና ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ አንተም በዚያች ክፍተት ቁጥሩን ደግመህ ታነባለህ። የዘፈኑባቸውም ቅጂዎች አሉ፣ እነሱን ለሌላ ጊዜ አቆያቸው። የኪቦርድ ክላሲካልም ችግር የለውም፣ ግጥሙን በቃልህ የምታውቀው መዝሙር ከሆነ ግን ያው በውስጥህ ይዘፈናል።

ጥያቄ፦ መሀል ላይ ማስታወቂያ እየገባ አስቸገረኝ።

መልስ፦ አውርደሽ ያዢውና ዳታ አጥፊ። እኔ አንዴ ሌሊት መዝሙር 50ን፣ «አቤቱ ማረኝ» ብዬ ሳልጨርስ የዘይት ማስታወቂያ ቤቱን አናግቶት እናቴ ደንግጣ ተነስታለች።

ጥያቄ፦ ገና ሦስት ደቂቃ ሳልሰማ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ተጋድመህ ነዋ የምትሰማው! ተነስና ቁም።