ክረምት፣ ልጆችና የሐይቁ ዳር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። በክረምት በጎ ፈቃድ ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 24 ልጆችን በሳምንት ሁለት ቀን ሐይቁ ዳር ወዳለው ጉዱማሌ ፓርክ እየወሰድን እናጫውታለን። ያለን አንድ ኳስ ነው። አምና በሦስተኛው ሳምንት የቀሩን 9 ልጆች ብቻ ነበሩ። ኳስ ብንጨምር አይበተኑም?

መልስ፦ የበተናቸው ተራ መጠበቅ ይመስለናል። በአንድ ኳስ ስድስት ለስድስት ሲጫወቱ 12ቱ ዳር ቆመው ያያሉ። ጉልበተኞቹ ሜዳውን ይይዙታል፤ ትንንሾቹና ሴቶቹ ቀስ በቀስ ይቀራሉ።

ልጆቹን አራት ቦታ ክፈሏቸው፤ በየቡድኑ ስድስት ልጅና ከእናንተ አንዳችሁ። በየ20 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ። አንደኛው ቦታ እግር ኳስ፦ ሦስት ለሦስት፣ 20 በ15 ሜትር ሜዳ፣ ግቡ አንድ ሜትር፣ በረኛ የለም። ሁለተኛው ገመድ ዝላይ፣ ሦስተኛው ሰኞ ማክሰኞ፣ አራተኛው ፔፕሲ። ለዝላይ እንደ ትንሿ ጣት የወፈረ ስድስት ሜትር ገመድ ያዙ፤ ቀጭኑን ናይለን ነፋስ እያነሳው ዙሩ ይዛባል። የፔፕሲ ደንብ እንደየሰፈሩ ስለሚለያይ ልጆቹ ራሳቸው ይስማሙበት፤ በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ይበልጣሉ። ቆርቆሮ የምትደረድሩ ከሆነ ግን የተከፈተበትን ጠርዝ ቀድማችሁ በድንጋይ ወደ ውስጥ ቀጥቅጡት፤ እጅ ይቆርጣል።

ለፔፕሲ የሚወረወረው የካልሲ ኳስ ወጪ የለውም፣ የክረምቱ አሠራር ግን ለየት ይላል። ውስጡ ጨርቅ ከሆነ እርጥብ ሣር ላይ ሁለቴ ሲወድቅ ውሃ መጦ ይከብዳል፤ ፊት ላይ ካረፈ ያስለቅሳል። ቤት የተጠራቀመ ስምንት ወይም አሥር ፌስታል አየሩን እያስወጣችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና እስከ ካልሲው ጫፍ ግፉት። አፉን ጠምዝዙና የተረፈውን ካልሲ መልሳችሁ ገልብጡበት። እንደገና ጠምዝዙ፣ ገልብጡ፣ ካልሲው እስኪያልቅ። መጨረሻውን በወፍራም ክር ስፉት እንጂ አትቋጥሩት፤ የተቋጠረ ኳስ ሲወረወር ይዛነፋል፣ ቋጠሮውም ያማል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ በክረምት የከሰዓት በኋላው ሰማይ አይታመንም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ወደ ሜዳ የምትመለሱት ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከእኩዮቿ ጋር ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ፓርክ ሄዳ ጦጣ ምሳዋን ነጠቃት፣ እጇንም ቧጨራት። መከልከል አለብኝ?

መልስ፦ አይከልክሏት እህታችን፣ አያያዟን ግን ይለውጡ። እዚያ ያሉ ጦጣዎች ፌስታል ሲያዩ ምግብ ነው ብለው ይመጣሉ፤ ለምደዋል፣ ያስለመድናቸውም እኛው ነን። ምሳዋን ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ዚፕ ያለው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱላት። ጦጣው ምግቡን ከያዘ ትልቀቅለት፤ ስትጎትት ነው የሚነክሳት። ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በሊታ ነው፤ እሱን ከታች ሆኖ ማየት ነው።

ንክሻም ሆነ ጭረት ካለ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከጦጣም ሊመጣ ይችላል። እስካሁን ካልሄዱ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሐይቁ ውስጥ እንዋኝ ይሉኛል። ዳር ዳሩን ቢሆንስ?

መልስ፦ ዳር ዳሩ ነው የባሰው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ከእሱ የሚወጣው ትል በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፤ ወጥቶ በፎጣ መታሸት ዋስትና አይሆንም። ጉማሬውንም አይርሱ።

ጀልባ ይሻላል፣ ለልጅ የሚሆን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ካለ። ካሰሩላቸው በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቷቸዋል። ቀድሞ የዋኘ ካለ የሰገራ ምርመራው በማግስቱ ምንም አያሳይም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ይፈጃል። ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካልመጣና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ካላስኬደ፣ ሐምሌ ላይ የዋኘ ልጅ የሚመረመረው መስከረም ላይ ነው።