ክረምቱ ሲወጣ የግቢ ሣር ማጨድ፦ ጥያቄና መልስ

የለገጣፎ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ በዝናቡ ምክንያት የግቢያችን ሣር ጉልበት ደርሷል። በአንድ ቀን አሳጥሬ ልጨርሰው?

መልስ፦ አይሆንም። ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ስለሆነ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥበት ሥሩ ይዳከማል፣ የመስከረም ፀሐይም ግንዱን ያቃጥለዋል። በመጀመሪያ በማጭድ ከላይ ከላይ ያንሱለት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሣር ማጨጃ ማሽኑን በከፍተኛው የመቁረጫ ቁመት አድርገው ያስገቡና በየሳምንቱ ዝቅ እያደረጉ ይሂዱ። ከዚያ በፊት ግን ግቢውን በእግርዎ ያስሱት። የእኛ አካባቢ ቤቶች አዲስ ስለሆኑ ከግንባታ የተረፈ ሚስማርና ጥቁር ሽቦ ከአፈሩ ውስጥ ብቅ ይላል። እኔን ጣት የማታህል ሽቦ ከማሽኑ ሥር ተወርውራ ሱሪዬን በስታ ቅልጥሜ ላይ ተሰክታለች፤ ልጆች በግቢው ውስጥ እያሉ ማሽን አይነሣም የምለው ለዚህ ነው።

የሱሉልታ ነዋሪ፦ ማሽኔ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይደክማል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ። ካልተሻለው ምክንያቱ ከፍታው ሊሆን ይችላል፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ቤንዚኑም ለሳሳው አየር ስለሚበዛበት መካኒክ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለከፍታው ያስተካክልልዎ።

የቡራዩ ነዋሪ፦ ካጨድኩ በማግስቱ የሣሩ ጫፍ ይነጣል። ማዳበሪያ ልጨምር?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ይተዉት፤ የደነዘው ምላጩ ነው። አንዷን ቅጠል ቀጥፈው ጫፏን ቢያዩ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተተልትላ ያገኟታል፤ ስለታም ምላጭ የቆረጣት ቅጠል ጫፏ ቀጥ ያለ ነው። የካንዴላውን (ሞተሩን በብልጭታ የሚያስነሣውን) ገመድ ነቅለው፣ ዘይት እንዳይገባበት የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ እንዲሆን ማሽኑን አጋድመው ምላጩን ይፍቱት። የቀድሞ ስለቱን ዘንበል ሳይለቁ ሁለቱንም ጫፍ እኩል በሞረድ ይሳሉ፤ ከዚያም የመሀል ቀዳዳውን በሚስማር ላይ ሰቅለው ይመልከቱ። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የከበደውን ጫፍ ጨምረው ይሞርዱት፣ አለበለዚያ ንዝረቱ ሞተሩን ይጎዳል። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ከየትኛውም ማዳበሪያ የበለጠ ሣሩን ይጠቅመዋል።

የሰበታ ነዋሪ፦ የታጨደውን ሣር መሬት ላይ ይተዉት የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ለላም እንሰጣለን፤ መሬት ላይ መተው ብክነት ነው።

የለገጣፎ ነዋሪ፦ ሽቦ ቢኖርበትስ? የጎረቤታችን ላም ሽቦ ውጣ ሞታለች።

የሰበታ ነዋሪ፦ በማጭድ ያጨደ ሰው ሽቦውን ያየዋል።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ በማሽን የታጨደው ግን ሽቦውንም ከትፎ ስለሚቀላቅለው ለከብት አልሰጥም። አጭር ከሆነ እዚያው ይበስብስ፣ አፈሩን ይመግባል። አሁን ወደ አጨዳው እንመለስ።

የአያት ነዋሪ፦ የትኛው ማሽን ይሻላል?

መልስ፦ የግቢውን ስፋትና ተዳፋትነት ሳይነግሩኝ እንዴት ልመልስ?

የአያት ነዋሪ፦ ትንሽ ግቢ ነው፣ ተዳፋት አለው። የኤሌክትሪክ ይሆናል? ጠዋት ጠዋት ነው የሚመቸኝ።

መልስ፦ ይሆናል፤ ነገር ግን ጤዛው ሳይደርቅ አይነካም። እርጥብ ሣርና የተላጠ ገመድ ሰው ይገድላሉ፣ እርጥብ ተዳፋትም እግርን ወደ ምላጩ ያንሸራትታል። የሚገፋ ማሽን በተዳፋት ላይ አግድም ይሄዳል እንጂ ሽቅብና ቁልቁል አይሄድም።

የቡራዩ ነዋሪ፦ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ምላጩ ላይ የተጠመጠመውን ሣር በእጄ ባወጣውስ?

መልስ፦ አሁን ለእርስዎው ጽፌዋለሁ፤ የካንዴላው ገመድ ሳይነቀል እጅ ከማሽኑ ሥር አይገባም። ምላጩን በእጅ ማዞር ሞተሩንም ማዞር ስለሆነ ሊነሣ ይችላል። ገመዱን ይንቀሉ፣ ከዚያም በእንጨት ያውጡት።