«መንገዱ ተነጠፈ» ወይስ «አስፋልት ተነጠፈበት»?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ ደሴ ከተማ እየጻፍን ነው። «የደሴ ዋና አውራ ጎዳና በ1936 ዓ.ም. በጣሊያኖች ተጠርጎ ተነጠፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለን። አንድ መምህር «‹ተሠራ› ብቻ በሉት፣ ይበቃል» አሉን። የቱን እንያዝ? (ከደሴ)

መልስ፦ «ተሠራ» ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። መንገድ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ አማርኛም ለየደረጃው የራሱ ግስ አለው። የመንገድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ግሶች ካደባለቀ፣ ማን ምን እንደሠራ አብሮ ይደባለቅበታል።

መጀመሪያ መንገድ ይቀየሳል። ቀያሽ መስመሩን ይመርጣል፣ ችካል ይተክላል፤ እዚህ ላይ ገና የሚኬድበት ነገር የለም። ቀጥሎ ይጠረጋል። ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ድንጋዩ ይነሣል፣ እንደ ሐረጎ ባለ ዳገት ደግሞ የተራራው ጎን ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል። ሥራው ጠረጋ፣ ውጤቱ ጥርጊያ ይባላል። ከዚያ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል፣ ጠጠር ይለብሳል። ጠጠሩ ታጥቦ ድንጋዩ ሲያገጥጥ ሕዝቡ «ኮረኮንች» ይለዋል። አስፋልት የሚነጠፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ገነባ» ለድልድይና ለዋሻ ይስማማል። «ዘረጋ» ደግሞ የመስመርን ርዝመት እንጂ የሥራን ደረጃ አያሳይም፤ ስለዚህ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ጠረጋውን ወይም ንጣፉን ተክቶ ሊገባ አይገባም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገራችሁ። «ተጠርጎ» የሚለው ቃል ጠረጋውን ለጣሊያኖች ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ደሴ የገቡት በመኪና ነበር። የጣሊያን ጦር ደሴን የያዘው ከዚያ በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተንቀሳቀሰው ከ1 ሺህ በላይ ተሽከርካሪ ያለው የማርሻል ባዶሊዮ ጦርም የተጓዘው በነበረው መንገድ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ላይ የተቸገረውም መንገዱ እንዲፈርስ ተደርጎ ስለ ነበር ነው። የሌለ መንገድ አይፈርስም። ጥርጊያውን ያወጡ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ድካም በአንዲት ግስ ምክንያት ከታሪክ መውጣት የለበትም። ጣሊያኖች በወረራው ዓመታት ያደረጉት የአስመራ–ደሴ–አዲስ አበባን መስመር ማስፋትና እንደ አዲስ መሥራት፣ ድልድይና ዋሻ መገንባት፣ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ የሚወስደውን መስመር ማውጣት ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በስሙ ይጠራ።

ሁለተኛው ጉድለት ዓመቱ ነው። 1936 የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ «ዓ.ም.» ሲጨመርበት በእኛ አቆጣጠር ይነበባል። በእኛ 1936 ደግሞ ጣሊያኖች ከደሴ ከወጡ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ከተማዋ የተለቀቀችው በሚያዝያ 1933 ነውና። ከውጭ መጽሐፍ ዓመት ስትወስዱ ወሩን እዩ። ከፈረንጆች ጥር እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው 8፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለው 7 ይቀነስለታል። ወሩ ካልተገለጸ ሁለቱን ዓመት በእዝባር ጻፉ፦ 1928/29 ዓ.ም.።

«ተነጠፈ» ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በጋዜጣም በሬዲዮም የሚሳሳቱበት ነው። የሚነጠፈው አስፋልቱ ነው፣ መንገዱ የሚነጠፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ «መንገዱ ተነጠፈ» ሳይሆን «መንገዱ አስፋልት ተነጠፈበት» ይባላል። ያቺ «‑በት» ከወደቀች መንገዱ ራሱ እንደ ሰሌን የተዘረጋ ይመስላል። «ለበሰ» ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚለብሰው መንገዱ ነው፦ «መንገዱ አስፋልት ለበሰ»፣ ሠሪው ሲጠቀስ «ተቋራጩ መንገዱን አስፋልት አለበሰው»። «አስፋልት ያለበሰ መንገድ» የሚለው ጽሑፍ መንገዱን አልባሽ ያደርገዋል፤ «የለበሰ» ነው ትክክሉ።

«ዋና አውራ ጎዳና» ድግግሞሽ ነው፤ «አውራ» ራሱ ዋና ማለት ነው። አውራ ጎዳና ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ነው፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም «የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን» ተብሎ ቃሉን አጸናው። ፒያሳን አቋርጦ የሚያልፈውን ክፍል ብቻ ስትሉ ግን እንደ ደሴ ሰው «ዋናው መንገድ» ማለት ይበቃል።

በተረፈ ጽሑፋችሁ ወደ ኮምቦልቻ ሲሻገር «ከደሴ ይወርዳል» በሉ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ፣ የአገሩ ሰው ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ደሴ ይወጣል እንጂ በካርታ አቅጣጫ አይናገርም።

ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አድርጉት፦ «በደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከጣሊያን ወረራ በፊት ለመኪና ተጠርጎ ነበር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች አስፍተው እንደ አዲስ ሠሩት።» አስፋልት የተነጠፈበትን ጊዜ ለብቻው፣ ማስረጃ ላላችሁበት ክፍል ብቻ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠቅሳችሁ ጻፉት።