አናናስና የኮኮናት ወተት የገባበት ዳቦ፦ ሊጡ ለምን ላላ?

እህቴ፣ ከጻፍሽው ምልክት ችግሩ ይታወቃል። ውኃውን በሙሉ በኮኮናት ወተት ተክተሻል፣ ጥሬ አናናስ ፈጭተሽ ከሊጡ ጋር ለውሰሻል፤ መጀመሪያ ደህና የነበረው ሊጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላልቶ እጅ ላይ ይጣበቅ ጀመር፣ ዱቄት ቢጨመርበትም አልያዘም፣ ተጋግሮም ጠፍጣፋና መሃሉ ሙጫ ሆነ። «እርሾው ሞቶ ነው» ያሉሽን አትስሚ። እርሾው የሞተ ሊጥ ኩፍ አይልም እንጂ አይቀልጥም።

ጥፋቱ የአናናሱ ነው። ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሊን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። የዳቦን አየር አፍኖ የሚይዘው ግሉተን ደግሞ ፕሮቲን ነው። አንቺ እያሸሽ የምትገነቢውን ኢንዛይሙ ከሥር ከሥር ይበጣጥሰዋል። ዱቄት ብትጨምሪ አዲሱንም ያፈርሰዋል፤ ትርፉ ዳቦውን ማክበድ ብቻ ነው። በረዶ ቤት ማስቀመጥም አያድንም፤ የቀዘቀዘ አናናስ ሲሟሟ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል። የሚገድለው ሙቀት ነው። የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ ስለሚሞቅ በዚህ በኩል አያሰጋም፣ ጭማቂውን በደንብ ማጥለል ብቻ ነው። ጥሬ ፓፓያና ኪዊም እንደ አናናስ ናቸው፤ ጥሬ ዝንጅብልም በብዛት ከገባ ሊጥ ያላላል። የማንጎ ችግር ግን ከኢንዛይም ይልቅ የውኃው ብዛት ነው።

ስለዚህ አናናሱን አብስይው፣ ሊጡ ውስጥም አትለውሺው፤ መሃል ላይ የሚገባ ሙሌት ይሁን። ተልጦ እንብርቱ የወጣ 400 ግራም አናናስ በደቃቁ ክተፊ፣ 60 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምረሽ ሰፊ ድስት ላይ ያለ ክዳን አብስይ። ማንኪያ ስትጎትቺበት የድስቱ ወለል ለአፍታ ታይቶ ቀስ ብሎ ሲሸፈን ደርሷል፤ ከ200 ግራም በታች ሲሆን ማለት ነው። ፈሳሽ ከቀረው ዳቦው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ባዶ ጉድጓድ ይሠራል፣ ሥሩንም ያረጥበዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሊጥ አታስጠጊው።

ሁለተኛው ጉዳይ የኮኮናት ወተቱ ነው። ወፍራሙ የቆርቆሮ ዓይነት ከመቶው 17 እስከ 22 ያህሉ ቅባት ነው። ስለዚህ በውኃው ልክ ስትተኪው ሊጡ ሳታስቢው ውኃ ያጥረዋል፤ ቅባቱም ዱቄቱን ቀድሞ ስለሚሸፍነው ግሉተኑ ቶሎ አይያያዝም። የሚሻለው ከፈሳሹ ከፊሉን ውኃ ማድረግ ነው። ደግሞ የኮኮናት ቅባት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፤ ቀዝቃዛውን ከገለበጥሽው ሊጡ ውስጥ ነጭ ጓል ይሆናል። ቆርቆሮውን በጥብጠሽ ወተቱን እስከ 35 ዲግሪ፣ ማለትም ለብ እስኪል፣ አሙቂው። በካርቶን የሚሸጠው ለመጠጥ የሚሆን ቀጭን የኮኮናት ወተት ሌላ ነገር ነው፤ ጣዕሙም እዚህ አይወጣም።

ለ15 ትናንሽ ዳቦ ልኬቱ ይህ ነው። መጀመሪያ 30 ግራም ዱቄት በ150 ግራም ውኃ በጥብጠሽ በለስላሳ እሳት እያማሰልሽ አወፍሪው፤ 65 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ይህን አትዝለዪው፤ የበሰለ ዱቄት ከጥሬው የበለጠ ውኃ ስለሚይዝ ዳቦው በማግስቱም ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው በእሱ ነው። ለብ ሲል 470 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም የኮኮናት ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 60 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾና 9 ግራም ጨው ይገባበታል። 30 ግራም የለሰለሰ ቅቤ የሚገባው ሊጡ አሥር ደቂቃ ከታሸ በኋላ ነው። ስኳሩን ከ60 ግራም አታብዢ፤ ስኳር ከእርሾው ላይ ውኃ ስለሚሻማ ኩፍ ማለቱ ይጓተታል። ጣፋጩን ለሙሌቱ ተዪለት። በኩባያ ከመለካት ደግሞ ሚዛን ይሻላል፤ አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ይለያያል።

ሊጡ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ዱቄት አትጨምሪ። ቅቤው ከገባ በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ እሺው። ትንሽ ቆርሰሽ በቀስታ ስትወጥሪው ሳይቀደድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሆነ በቅቷል። ሸፍነሽ 26 ዲግሪ አካባቢ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ እጥፍ እስኪሆን ተዪው። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዪ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የምትኖሪ ከሆነ ቶሎ ስለሚነፋ እርሾውን በሩብ ቀንሺ።

65 ግራም፣ 65 ግራም አድርገሽ ቁረጪ። ጠርዙን ከመሃሉ አሳስተሽ ዘርጊና ከ12 እስከ 13 ግራም ሙሌት አስቀምጪ፣ ጠርዙን ሰብስበሽ ቆንጥጪው። ሙሌቱ ጠርዙን ከነካው አይገጥምም፣ ምድጃ ውስጥ ይፈነዳል። የቆነጠጥሽው ወደ ታች ሆኖ በተቀባ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ ላይ ሦስት በአምስት ደርድሪ። ተቀራርበው ሲነኩ ጎናቸው ለስላሳ ይሆናል። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ በኋላ በጣት ስትነኪው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ይግባ፤ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፣ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል።

በ180 ዲግሪ (በማራገቢያ ከሆነ በ165) ከ20 እስከ 23 ደቂቃ ይበቃዋል። ላዩ ቶሎ ስለሚጠቁር ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ ፎይል ጣል አድርጊበት። ሊጡ ውስጥ 90 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ሙሌቱን እንዳይነካ። እንደወጣ ትኩሱን የኮኮናት ወተት ቀቢው።

ማታ አቡክተሽ ጠዋት መጋገር ይቻል እንደሆነ ለጠየቅሽውም፣ ይቻላል። ካሸሽ በኋላ 20 ደቂቃ አሳርፈሽ ሸፍነሽ ፍሪጅ አስገቢው፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ከነቅዝቃዜው ቁረጪና ሙዪው፤ ጠንክሮ ብታገኚው የኮኮናቱ ቅባትና ቅቤው ረግተው ነው። ሁለተኛው ኩፍታ ግን እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የተጋገረውን ፍሪጅ አታስገቢ፣ እዚያ ቶሎ ይደርቃል፤ በላስቲክ ጠቅልለሽ ውጭ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ለበለጠ ፍሪዘር። ከመብላትሽ በፊት በ150 ዲግሪ አምስት ደቂቃ ብታሞቂው ቅባቱ ይፈታና ልስላሴው ይመለሳል።